የታካሚ ደህንነት በዓይን ክሊኒክ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ እንነጋገር

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁን ያያችሁት ይመስለኛል። እውነቱን ልናገርና በጣም በዝቷል፣ ከእሳት ማጥፊያ ጀምሮ እስከ ወለል እርጥበት ያልገባበት ነገር የለም። እንዲህ ያለ ሰነድ ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። የምንልከው ጥቂት ነገር ይሁን ግን እያንዳንዱ ላይ ማን ይሰራዋል፣ መሰራቱስ በምን ይታወቃል የሚለው ይጻፍበት። ማን ይጀምር?

የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ
እኔ ልጀምር። ለኔ አንደኛው የሌንስ ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ግራ ዓይን ሊሰራ ቀኙ ተከፈተ የሚለውን ነው፣ እሱ ያስፈራል ልክ ነው፣ ግን በካታራክት (የዓይን ሞራ ወጥቶ ሰው ሰራሽ ሌንስ የሚተካበት) ስራ ላይ ከሱ በላይ የሚያጋጥመው የተሳሳተ ሌንስ መትከል ነው። ስህተቱ ደግሞ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ አይደለም እኮ የሚጀምረው። የባዮሜትሪው (ሌንሱ የሚመረጥበት የዓይን ልኬት) ወረቀት የሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ይገባል፣ ወይ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ታካሚዎች ባንድ ቀን ይመደባሉ፣ ወይ ደግሞ አንዱ ታካሚ ስኳሩ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ይደረግና ሌንሶቹ በድሮው ተራ እንደተደረደሩ ይቀራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ጥገና ቼክሊስት ጥሩ ነው ግን ለማንኛውም ቀዶ ጥገና ስለተሰራ የሌንስ ቁጥር ብሎ አይጠይቅም፣ ስለዚህ እኛ መጨመር አለብን።
የኔ ሀሳብ፦ ክፍሉ ውስጥ የዛ ታካሚ ሌንስ ብቻ ይግባ፣ ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት ስም፣ የትኛው ዓይን፣ የሌንሱ ሞዴልና ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ የሚመሳከረውም ከዋናው የማሽን ወረቀት ጋር እንጂ ሰሌዳ ላይ በእጅ ከተገለበጠው ጋር አይሁን።

ኦፕቶሜትሪስት
ሲስተር ያለችው ላይ ከኔ በኩል ልጨምር ምክንያቱም ያ ወረቀት የሚወጣው ከኛ ክፍል ነው። የዓይን ርዝመት ላይ 1 ሚሊሜትር ብንሳሳት ወደ 2.5 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው የሚያዛባው፣ ታካሚው ተሰርቶ ሲያበቃ መነጽር ካላደረገ አያይም ማለት ነው። የሁለቱ ዓይን ርዝመት ከ0.7 ሚሊሜትር በላይ ከተለያየ በሌላ ሰው ይደገም የሚል ይግባ። ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ደግሞ አውልቆ ቆይቶ ነው መለካት ያለበት፣ ያለዛ የኮርኒያው (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ልኬት አይታመንም። እና እባካችሁ ቀኝና ግራ ዓይንን ኦዲ ኦኤስ እየተባለ በምህጻረ ቃል መጻፉ ይቅር፣ ቀኝ ግራ ተብሎ ሙሉውን ይጻፍ፣ የፕላስና የማይነስ ምልክትም ግልጽ ይሁን።

ዓይን ሐኪም
በሁለቱም እስማማለሁ። ኢንፌክሽን ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም፣ ከካታራክት ስራ በፊት 5% ፖቪዶን አዮዲን (ጀርም ገዳይ) ዓይኑ ላይ ጠብ ተደርጎ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆይ፣ ስራው ሲያልቅ ሴፉሮክሲም የሚባለው አንቲባዮቲክ ወደ ዓይኑ ውስጥ ይሰጥ፣ ይሄ ከ2007ቱ ትልቅ የአውሮፓ ጥናት ወዲህ የሚያከራክር አይመስለኝም።
እኔን የሚያሳስበኝ ተመላላሽ ክፍል ያለው ቶኖሜትር፣ የዓይን ግፊት መለኪያው ነው። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ዓይን ቀኑን ሙሉ የሚሄድ እቃ ነው፣ በአልኮል ጠረግ ተደርጎ ይታለፋል። ዓይን የሚያቀላው አዴኖቫይረስ ግን በዛ በቀላሉ አይለቅም፣ ደረቅ እቃ ላይ ለሳምንታት መቆየት የሚችል ቫይረስ ነው። ወይ አንዴ ተጠቅመን የምንጥለው ጫፍ፣ ወይ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ። ከዛ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፣ ያልታጠበ በረኪና ራሱ ኮርኒያ ያቃጥላል። ጫፉ እየቆየ ስለሚሰነጠቅም በስሊት ላምፕ (ዓይን የምናይበት ማጉያ) እያዩ መፈተሽ ነው። ሁለት ሶስት ጫፍ ካልተገዛ ግን ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፣ ወረፋ ቆሞ 10 ደቂቃ የሚጠብቅ የለም።

ሪሴፕሽን
ሀኪም አይደለሁም ግን አንድ ነገር ልበል፣ እስካሁን የተነሳው ሁሉ ታካሚው ከገባ በኋላ ያለው ነው። ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ፣ ማን ዛሬ ይምጣ ማን ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚለውን የምወስነው እኔ ሆኛለሁ ማለት ነው፣ ማንም ምን ብለሽ ጠይቂ ብሎ አልሰጠኝም። «ትንሽ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል» ሲሉኝ ቀላል ነው ከባድ ነው እንዴት ልወቅ?

ዓይን ሐኪም
ይሄማ ዋናው ነው እንጂ! ረቂቁ ውስጥ አለመኖሩ ይገርማል። ብልጭታ፣ በድንገት የበዛ ጥቁር ነጠብጣብ፣ እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካሉ ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሊላቀቅ ስለሚችል የዛኑ ቀን መታየት አለባቸው። በድንገት ማየት ያቆመ፣ ከባድ የዓይን ህመም ከራስ ምታትና ከማስታወክ ጋር ያለው፣ ኮንታክት ሌንስ እያደረገ ዓይኑ ቀልቶ የሚያመው፣ በቅርቡ ተሰርቶ ህመሙ የጨመረበት ወይም እይታው የቀነሰበት፣ እነዚህ ለነገ አይባሉም። የህጻን ልጇ ብሌን ውስጥ ነጭ ነገር ታየኝ ያለች እናትም በቶሎ ትግባ፣ ፎቶ ላይ ነው ያየሁት ብትልም።
ኬሚካል የገባበት ግን ለብቻው ነው። እሱን ቶሎ ና አትበይው፣ መጀመሪያ እዛው ባለበት በንጹህ ውሃ ይታጠብ፣ ከዛ ይምጣ። እኛም ጋ ሲደርስ ካርድ አውጣ፣ ፊደል አንብብ የለም፣ ቀጥታ ማጠብ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መጠኑ) ወደ 7 አካባቢ ተመልሶ እስኪረጋ። ኖራና ሲሚንቶ የመሰለው አልካሊ ከአሲድ ይብሳል፣ ወደ ውስጥ እየበላ ነው የሚሄደው።

ኦፕቶሜትሪስት
ዶክተር ልክ ነዎት ግን ብልጭ አለብኝ ያለውን ሁሉ የዛኑ ቀን ካስገባን ቀጠሮ ያለው ሰው የት ይሂድ? አብዛኛው እኮ ምንም አይገኝበትም።

ዓይን ሐኪም
አይገኝበትም፣ ግን የትኛው እንደሆነ በስልክ አይለይማ። በየቀኑ ሁለት ክፍት ቦታ እንተው፣ እስከ ከሰዓት ካልተያዘ ለሌላ ይሰጥ። እሷ ዲያግኖስ አታድርግ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ይለጠፍላትና ከነዛ አንዱን ከሰማች ለተረኛው ታስተላልፍ፣ ሃላፊነቱ የተረኛው ነው።

ፋርማሲ
ስለ ጠብታ ማንም አላነሳም። ሶስት ነገር ብቻ፣ የማደንዘዣ ጠብታ ለታካሚ ወደ ቤት አይሰጥ፣ ህመሙን ስለሚያጠፋው ደጋግመው ያደርጉትና ኮርኒያው ይሟሟል። ቲሞሎል የሚባለው የዓይን ግፊት መቀነሻ ጠብታ ከመታዘዙ በፊት አስም አለብዎት ወይ፣ የልብ ምት ችግርስ ይጠየቅ፣ የዓይን ጠብታ ነው ተብሎ ይናቃል እንጂ ወደ ደም ይገባል። ስቴሮይድ ደግሞ የዓይን ግፊት የሚለካበት ቀጠሮ ሳይያዝ አይውጣ፣ ያለ ቁጥጥር ደጋግመው የሚገዙት አሉ። አዎ ደግሞ የተከፈተ ጠርሙስ ላይ የተከፈተበት ቀን ይጻፍ። አራት ሆነብኝ መሰለኝ።

የግላኮማ ክሊኒክ ነርስ
እኔ የምለው ከቀጠሮ ስለቀሩት ነው። ስለሚመጡት ነው ሁላችንም የምናወራው፣ ግላኮማ (የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳበት በሽታ) ያለበት ሰው ግን አያመውም፣ መሃሉን ያያል፣ ደህና ነኝ ብሎ ይቀራል፣ ሲመለስ የነርቩ ጉዳት የማይመለስ ሆኗል። የቀረ ሰው ቅሬታ አያቀርብም፣ ኢንሲደንት (የደረሰ ችግር) ተብሎም አይመዘገብም። በእንግሊዝ በ2017 የታተመ ጥናት ራሱ ሆስፒታሉ ቀጠሮ እያዘገየባቸው በየወሩ እስከ 22 የሚደርሱ ሰዎች እይታቸው ክፉኛ እንደሚጎዳ ነው ያሳየው፣ ያውም የተሟላ ሲስተም ባለበት ሀገር። ስለዚህ በየሳምንቱ የቀሩት ዝርዝር ይውጣ፣ አንድ ሰው ይደውል፣ ስልክ ካልተነሳ ምን ይደረጋል የሚለውም ይጻፍ። ቀጠሮ የሚገፋው ራሱ ክሊኒኩ ከሆነ ደግሞ ካርዱን ያየ ባለሙያ ይፍቀድ፣ ካለንደር ላይ ክፍት ቦታ ስለተገኘ ብቻ አይሁን።

የግል ክሊኒክ ባለሙያ
ሁሉም ጥሩ ነው ግን እኔ ከአንዲት ረዳት ጋር ብቻዬን ነው የምሰራው። ጮክ ብሎ ይነበብ፣ በሌላ ሰው ይደገም ሲባል ከማን ጋር?

የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ
ታካሚው ራሱ አለ አይደል። ግን «እርስዎ እከሌ ነዎት?» ብለህ አትጠይቅ፣ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌም የፈራም ሰው አዎ ይልሃል። ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ፣ ዛሬ የሚሰራው የትኛው ዓይን ነው በል፣ መልሱን እሱ ይናገር። ልኬቱን ደግሞ ሌላ ቀን ራስህ ድገመው፣ የመጀመሪያውን ውጤት ሳታይ።

የግል ክሊኒክ ባለሙያ
ይሄ ይሰራል። ሪፖርቱስ? ለጥቂት የተረፈውን ነገር ሁሉ ጻፉ ከተባለ ማን ይጽፋል፣ ነገ ለቅጣት ይሆናል ብሎ ሁሉም ዝም ነው የሚለው።

አስተባባሪ
እዚህ ላይ አቋም እንያዝ። ለማህበሩ የሚላከው ሪፖርት የሰራተኛ ስምም የታካሚ ስምም የክሊኒክ ስምም የሌለው ይሁን፣ ምን ሆነ፣ የት ላይ ተያዘ፣ ምን ተቀየረ፣ በቃ። ታካሚ ከተጎዳ ግን ለራሱ ለታካሚው በግልጽ ይነገረዋል፣ ያ ስም የለሽ አይደለም፣ እሱን አንቀላቅል።
እንግዲህ ከረቂቁ የእሳቱንም የወለሉንም አውጥቻለሁ፣ ህንጻውን የሚመለከት ሌላ ሰነድ አለ። የቀሩት፦ ሌንስና ባዮሜትሪ፣ የስልክ ወረቀት ከሁለቱ ክፍት ቦታ ጋር፣ የቀሩ ታካሚዎች፣ ቶኖሜትር፣ ጠብታ፣ ሪፖርት። የስልኩን ወረቀት ዶክተርና ሪሴፕሽን አብረው ይጻፉት፣ ቋንቋው ታካሚው የሚናገረው ይሁን፣ ፎቶፕሲያ ምናምን እንዳይገባበት። ቶኖሜትሩ ላይ ስንት ተጨማሪ ጫፍ እንደሚያስፈልግ ቁጥሩን የሚያሰላልኝ እፈልጋለሁ፣ ያለሱ በጀት አይጸድቅም።

ኦፕቶሜትሪስት
ጫፉን እኔ አሰላዋለሁ፣ በሰዓት ስንት ሰው እንደሚለካ መዝገቡ አለኝ።

ሪሴፕሽን
ወረቀቱ ላይ የተረኛው ስልክ ቁጥር ከላይ በትልቁ ይሁንልኝ፣ ካላነሳ ቀጥሎ ለማን እንደምደውልም።