ለአምልኮ ግንብ ያስፈልጋልን?

አወያይ፦ ባለፈው ሳምንት ከመካከላችን አንዱ «በቤቴ እጸልያለሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሴን አነባለሁ፣ ስብከትም በስልኬ እሰማለሁ፤ እሑድ ጠዋት ወደ አንድ ሕንፃ የምሄድበት ምክንያት አይታየኝም» ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙዎች ተቆጡ። ጥቂቶች ደግሞ በሆዳቸው የያዙትን ሌላ ሰው ስለ ተናገረላቸው ደስ አላቸው። ዛሬ ሳንሰዳደብ እንከራከርበት።

ባለ ጉዳዩ፦ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አላፈርሁበትም። ሳምራዊቷ ሴት በያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ያነሣችው ነገር ይኸው ነበር፤ ስግደት በዚህ ተራራ ነው ወይስ በኢየሩሳሌም? የጌታ መልስ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ተጽፏል፤ እውነተኛ ሰጋጆች በመንፈስና በእውነት ይሰግዳሉ። መቅደሱን ያሠራው ሰሎሞን ራሱ፣ በምረቃው ቀን፣ ሰማየ ሰማያት የማይበቃው አምላክ እኔ በሠራሁት ቤት እንዴት ይወሰናል ብሎ ተደንቋል። ቤቱን የሠራው ሰው እንዲህ ካለ እኔ ምን ልጨምር?

የታሪክ መምህሩ፦ ታሪክ ግማሽ መንገድ አብሮህ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ይሰበሰቡ የነበረው በመኖሪያ ቤት ነው። በጵርስቅላና በአቂላ ቤት፣ በፊልሞና ቤት የነበሩትን ማኅበሮች ከጳውሎስ መልእክቶች እናውቃለን። በሶርያ፣ በኤፍራጥስ ዳር በነበረችው በዱራ ዩሮፖስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በቁፋሮ የተገኘው የክርስቲያኖች ቤትም ተራ መኖሪያ ነበር። በሦስተኛው መቶ ዓመት የሁለት ክፍሎችን ግድግዳ አፍርሰው ሰፊ አዳራሽ አደረጉት፤ አንዱን ትንሽ ክፍል የጥምቀት ቦታ አድርገው ሥዕል ሣሉበት። የተረፈልንም በጦርነት ምክንያት ነው። ከተማዋ ስትከበብ ቅጥሩን ለማጠናከር በአጠገቡ ያሉትን ቤቶች በአፈር ሞሏቸው፤ አፈሩ ሥዕሎቹን አቆየልን።

ነገር ግን «ሕንፃ የቆስጠንጢኖስ ፈጠራ ነው» የሚለውን የተለመደ አባባል እንዳትደግመው አደራ። ከእርሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ303፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ የክርስቲያኖች መሰብሰቢያዎች እንዲፈርሱ ሲያዝዝ በኒቆምድያ መጀመሪያ የፈረሰው ከቤተ መንግሥቱ ሆኖ የሚታይ ሕንፃ ነበር። የሌለ ነገር እንዲፈርስ አይታዘዝም።

ባለ ጉዳዩ፦ ታዲያ ሲፈርስ አምልኮው ቆመ? አልቆመም። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

የታሪክ መምህሩ፦ ሕንፃው ቢፈርስም መሰብሰቡ አልቆመም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ሮም ውስጥ ለፍርድ ቀርቦ የት እንደሚሰበሰቡ ሲጠየቅ፣ የክርስቲያኖች አምላክ በቦታ አይወሰንም ብሎ መለሰ። አንተ የምትወደው መልስ ነው። ይኸው ሰው ግን ስለ እሑድ ሲጽፍ፣ በከተማም በገጠርም ያሉት ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ ይላል። ቦታው ሊቀያየር ይችላል፤ መሰብሰቡ ግን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ304 በሰሜን አፍሪካ የአቢቲና ክርስቲያኖች የተያዙት በግለሰብ ቤት ተሰብስበው ነው። ለምን ሕግ ጣሳችሁ ሲባሉ፣ ያለ ጌታ ቀን ጉባኤ መኖር አንችልም አሉ። እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው በየቤታቸው ቢጸልዩ ማን ይይዛቸው ነበር?

የቋንቋ ሰው፦ እኛ የምንጨቃጨቀው በከፊል ቃሉ ስላሳሳተን ነው። በግሪክኛው ኤክሌሲያ ጉባኤ ማለት ነው፤ ውስጡ ድንጋይ የለም። እኛ ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን» ስንል ገና ከአፋችን ሲወጣ ቤት ይታየናል። ሆኖም «ቤት» በግዕዝ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ቤተ ያዕቆብ ስንል የያዕቆብን ጎጆ ማለታችን ነው እንዴ? ወገኑን፣ ቤተሰቡን ማለታችን ነው። ስለዚህ ቃሉን በትክክል ከሰማነው «የክርስቲያን ወገን» ይላል። ብቻዬን ወገን ነኝ የሚል ሰው ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዲያቆኑ፦ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የምጨምረው አለኝ። ወንድማችን አምልኮን የሚያስበው እንደ ስብከት ነው። ስብከት በስልክ ይደርሳል፤ ኅብስቱና ጽዋው ግን በስልክ አይደርሱም። የታመመ ካለ ይወሰድለታል፤ የታሰረም እንዲሁ። ግብፃዊቷ ማርያም 47 ዓመት በበረሃ ስትኖር ከሰው ተለይታ ነበር፤ በመጨረሻ ግን አባ ዞሲማስ ሥጋ ወደሙን እንዲያመጣላት ለመነችው። ለብቻ በመኖር ከእርሷ የበለጠ ማን አለ?

ባለ ጉዳዩ፦ ዲያቆን፣ የጃፓንን ክርስቲያኖች አይርሷቸው። እ.ኤ.አ. በ1614 ክርስትና ተከለከለባቸው። ከዚያ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ያለ ሕንፃ፣ ያለ ካህን፣ ከአባት ወደ ልጅ ጥምቀቱንና ጸሎቱን በምስጢር አስተላለፉ። ግንብ ግዴታ ቢሆን ኖሮ በአንድ ትውልድ ይጠፉ ነበር።

ዲያቆኑ፦ አልረሳኋቸውም፤ መጨረሻውንም ይንገሩልን እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1865 በጃፓኗ ከተማ ናጋሳኪ ውስጥ ለባዕዳን ነዋሪዎች ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ፣ ገና በአንድ ወሩ ጥቂት የመንደር ሰዎች መጥተው ለፈረንሳዊው ካህን ልባችን ከልብህ አንድ ነው አሉት። ክልከላው ገና አልተነሣም፤ ከዚያ በኋላ ስንቱ ታሰረ፣ ስንቱ ተጋዘ። በቤት መጸለይ ከበቃቸው ለምን ነፍሳቸውን አሲዘው ወደዚያ ደጅ መጡ?

መሐንዲሱ፦ ግንብ ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝና ምስክርነቴ ንጹሕ አይደለም፤ ቢሆንም ልናገር። ሰው በብዛት ከተሰበሰበ ዝናብና ፀሐይ ይመጣሉ፣ ሕፃናትና ሽማግሎች አሉ፤ ስለዚህ ጣሪያ ያስፈልጋል። ምሥጢሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። ሥርዓትና ጌጥ የማይወዱት፣ ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች እንኳ በዝምታ የሚቀመጡበትን ቤት ሠርተዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሕንፃ አንዴ ከተጀመረ አይጠግብም። ለመድረኩ እብነ በረድ ሲታዘዝ፣ ለችግረኞች የተያዘው ገንዘብ ለጊዜው ተበድሮ ሲቀር አይቻለሁ። ሥራውን የሠራሁት እኔው ነኝ፤ ክፍያዬንም ተቀብያለሁ። እስካሁን ስለዚያ ወለል ሳስብ ደስ አይለኝም።

አወያይ፦ ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። ሌላ ሰው አለ?

አስታማሚዋ፦ እኔ ክርክር አልችልም፤ ያየሁትን ልናገር። እናቴ ከአልጋ ከዋለች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት አንድም እሑድ አትቀርም ነበር። አሁን ጸሎቱን በሬዲዮና በስልክ እከፍትላታለሁ፤ ትሰማለች፣ አሜን ትላለች፣ ታለቅሳለችም። መጀመሪያ ሰሞን ሕንፃው የናፈቃት መስሎኝ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ሰቀልሁላት። ዞር ብላም አላየችው። በኋላ ስጠይቃት የነገረችኝ፣ በአጠገቧ የምትቆመውን ሴት ድምፅ እንደናፈቀች ነው። ያች ሴት ስትዘምር ሁልጊዜ ከዜማው ትወጣ ነበር፤ እናቴ እየሣቀች በክርኗ ትነካት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሰዎች መጥተው አብረዋት ይጸልዩ ነበር። አሁን ሁሉም «በስልክ ትከታተላለች» ብለው ተረጋግተዋል። ወንድሜ፣ አንተ ስልኩን የመረጥኸው በራስህ ፈቃድ ነው። እርሷ ግን ምርጫ አጥታ ነው። እኔን የቆረቆረኝም ይህ ነው።

ዲያቆኑ፦ ይህ ወቀሳ ለእኛም ነው፤ እቀበለዋለሁ። በር ከፍተን የሚመጣውን እንጠብቃለን፤ መምጣት ያቃተውን ግን ሄደን አንጎበኝም።

ባለ ጉዳዩ፦ ለሌላው ሁሉ መልስ ነበረኝ፤ በጃፓን ጉዳይም ገና አልተረታሁም። ስለ ሕንፃው ሐሳቤን አልለወጥሁም። ግን ሄዶ ካልጎበኛት ሰው አንዱ እኔ ልሆን እንደምችል አላሰብሁም ነበር። እህቴ፣ ለእናትሽ የትኛው ቀን ይመቻቸዋል? ሁለት ሦስት ሆነን እንመጣለን።

አስታማሚዋ፦ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ። ስትዘምሩ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ የግራ ጆሮዋ ከብዷል። ከዜማው የሚወጣ ሰው ካለ በቀኟ በኩል ይቀመጥ።