ንብ ማነቡን ልቀጥል ወይስ ቀፎዎቹን ልሽጥ?

ጥያቄ፦
በአዊ አካባቢ ንብ አነባለሁ። ቀድሞ ከቀርከሃ በተሠሩ ባህላዊ ቀፎዎች እጠቀም የነበረ ሲሆን፣ ኋላ በብድር ባለፍሬም ቀፎዎች (የሚወጡና የሚገቡ የእንጨት ክፈፎች ያሏቸውን ዘመናዊ ቀፎዎች) ገዝቼ ንቦቹን አዛወርኋቸው። ከተዛወሩት መንጋዎች ግማሽ ያህሉ ክረምቱ ሳይወጣ ኮበለሉ፤ የቀሩት በኅዳር ቆረጣ የሰጡት ማርም የብድሩን ወለድ አልሸፈነም። ባለቤቴ ቀፎዎቹ ሳይበላሹ ሸጠን ዕዳችንን እንክፈል ትላለች፤ እኔ ግን መጪውን የመስከረም አበባ ሳላይ መተው ይከብደኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ምላሽ 1፦
ወንድማችን፣ ከውሳኔው በፊት ንቦቹ ለምን እንደሄዱ ይመርምሩ። የአገራችን ንብ ሲርበው፣ ጉንዳን ሲወረው ወይም አዘውትሮ ሲረበሽ ቤቱን ጥሎ ለመሄድ አያመነታም። በኅዳር ማሩ ሙልጭ ተደርጎ ተቆርጦ ከሆነ፣ ዝናብ ከቀፎ በሚያግደው ወራት የሚቀምሰው አይኖረውም። በዝውውሩም ጊዜ እጭ ያለበት እንጀራ (ንቡ ከሰም የሚሠራው የማርና የእጭ ማኖሪያ) ከፍሬሙ ጋር ታስሮ ካልገባለት፣ በአዲሱ ቀፎ የሚያስቀረው ነገር የለም። እስቲ አንዱን ባዶ ቀፎ ከፍተው ይመልከቱ፤ እንጀራው ጠብታ ማር ሳይቀርበት ደርቆ ከተገኘ ረኃብ ነው፣ በደጃፉ የሞቱ ንቦች ተከምረው ከነበረ ግን መርዝ ነው። ድር የሚያደራውን የሰም ብል ካዩ አይቸኩሉ፤ እርሱ ብዙውን ጊዜ መንጋው ከተዳከመ ወይም ከሄደ በኋላ የሚገባ ነው። ረኃብና ጉንዳን በስኳር ውኃና በቀፎው መቆሚያ እግር ላይ በሚቀባ ግራሶ የሚመለሱ ስለሆኑ፣ በእነርሱ ምክንያት ሥራውን መተው ተገቢ አይመስለኝም።

ምላሽ 2፦
ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ቢሆንም፣ ከአጥር ውጭ ያለውን ዘንግቷል። በእኛ ቀበሌ ጤፍና ስንዴው ላይ ቱፎርዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ ሲረጭ ንቡ የሚቀስማቸው መጩም አደይ አበባውም አብሮ ይጠፋል። ባለፍሬም ቀፎ የሚበልጠው ማሩ ተጣርቶ እንጀራው ስለሚመለስና ንቡ ሰም በመሥራት ስለማይደክም ነው፤ አበባ በሌለበት ግን ይህ ጥቅሙ ዋጋ የለውም። እኔ ባለፍሬሞቹን ሸጬ ባህላዊዎቹን ብቻ አስቀርቻለሁ፣ አልተጸጸትሁም። ጎረቤቶችዎ የሚረጩ ከሆነና ርጭቱን ለማታ፣ ንቡ ከገባ በኋላ፣ ለማድረግ እንኳ ካልተስማሙ፣ የባለቤትዎን ሐሳብ እደግፋለሁ።

ምላሽ 3፦
ሁሉን መሸጥ ወይም ሁሉን መያዝ ግድ አይደለም። ንብ የሌለበት ቀፎ ወለድ ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ባዶዎቹን አሁኑኑ ይሽጡ፣ ንብ ያለባቸውን እስከ ኅዳር ያቆዩ። ከዚያ በኋላም ወለዱን ካልቻሉ የሚሸጡ መሆኑን ከወዲሁ ከባለቤትዎ ጋር ይስማሙ።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በደጃፉ የሞተ ንብ አልነበረም፤ እንጀራው ግን እንደተባለው ደርቆ አገኘሁት። ባዶዎቹን ለሽያጭ አቀርባለሁ፣ ለቀሩት በክረምቱ ስኳር እሰጣለሁ፤ የኅዳሩን ቀነ ገደብ ባለቤቴም ተቀብላዋለች።