በብርሃን የሚታዘዝ የጂን ሕክምና ለአክስቴ ይደርስላት ይሆን?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ የጡት ካንሰር አለባት፤ ኬሞ ጀምሪ ተብላለች። ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ደረሳት፦ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር) ጂን፣ ማለትም ሴል የሚሠራበትን መመሪያ፣ ተሸክሞ እጢው ውስጥ ይገባል፣ ከውጭ ብርሃን ሲበራበት ይለቀዋል ይላል። ከሥሩ ቀይ መብራት የሚሸጥ ሰው ስልክ አለ። «ፀጉሬ ከሚረግፍ መብራቱን እገዛለሁ» ብላ ድርቅ ብላለች። ነገሩ እውነት ነው?

ጦሳ ሥር
ወላሂ ሌብነት ነው፣ እንዳትገዙ።

ባለጋዋኑ (ደሴ)
ሻጩ ሌባ ነው፣ ሳይንሱ ግን ውሸት አይደለም። ሸዋ በር ፋርማሲ ውስጥ ስለምሠራ ያንን ቪዲዮ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም።

ጂን እንዲሁ ደም ውስጥ ቢገባ ኢንዛይም ይበጣጥሰዋል፤ ስለዚህ በቅንጣት ይጠቀለላል። ሴሉ ቅንጣቱን ሲውጠው ኢንዶዞም የሚባል ከረጢት ውስጥ ይዘጋበታል፣ አብዛኛውም እዚያው ተፈጭቶ ይቀራል። ብርሃኑ የሚፈለገው እዚህ ጋ ነው። የኦስሎ ተመራማሪዎች ብርሃን ሲያርፍበት ከረጢቱን የሚቀድ ኬሚካል ተጠቅመዋል። ሌሎች ደግሞ በጥቃቅን የወርቅ ዘንጎች ይሠራሉ፤ ዘንጉ ብርሃኑን ውጦ ሲሞቅ የተሸከመውን ይጥላል። ብርሃን ያላገኘው ሌላ አካል፣ ለምሳሌ ጉበት፣ ብዙም አይነካም፤ እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው።

ችግሩ ጥልቀት ነው። ሥጋን ዘልቆ ለመግባት ይሻላል የሚባለው ከ700 እስከ 1000 ናኖሜትር ያለው ብርሃን እንኳ ብዙ ሳይዘልቅ ይደክማል። ለውስጥ እጢ ብርሃን የሚያደርስ ቀጭን ፋይበር ማስገባት ያስፈልጋል። ቅንጣቱ ሳይሰጥ መብራት ብቻ ማብራት ደግሞ ሊጥ ሳይቦካ ምጣድ ማጋል ነው።

የብርሃኑና የጂኑ ሕክምና ለየብቻ አሉ፦ አሜሪካ በ1995 ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በብርሃን የሚነቃ መድኃኒት ፈቅዳለች (ታካሚው ቢያንስ 30 ቀን ከፀሐይ ይሸሸጋል)፤ በ2022 ደግሞ ለፊኛ ካንሰር ያለ ብርሃን የሚሠራ የጂን ሕክምና። ሁለቱን ያጣመረው ግን በአብዛኛው ገና ቤተ ሙከራና አይጥ ላይ ነው። አክስትህ ኬሞዋን ትጀምር።

የቦርከና ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ይሄንን እሺ ብዬ ብነግራትም ፀጉሯን ነው የምታስበው።

እመት ዘሐራ
አብሽር የኔ ልጅ። የኔም ረግፎ ነበር፣ አሁን እጎነጉነዋለሁ። እኔን ያስቸገረኝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው የሐረጎ መንገድ ነው፤ ኬሞ ወስጄ ያን ጠመዝማዛ ስወርድ አንጀቴ ይገለበጥ ነበር። ከፊት ወንበር አስቀምጣት፣ የማቅለሽለሹን ኪኒን ሳትሳፈር ትዋጥ። ስልኬን በውስጥ እልክልሃለሁ፣ ራሷ ትደውልልኝ።