ልጄ «የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት በኒቅያ በድምፅ ብልጫ ነው የተመረጡት» ሲለኝ ምን ልመልስለት?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ቨርጂኒያ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ13 ዓመት ልጄ፣ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ ጠርቶ የመጽሐፍ ቅዱስን መጻሕፍት በድምፅ እንዳስመረጠ የሚናገር ቪዲዮ አይቶ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ዕቅበተ እምነት (ለእምነት ጥያቄዎችና ተቃውሞዎች መልስ መስጠት) የሰባክያን ሥራ ነው፣ በልጁ ላይ ያልነበረ ጥርጣሬ እንዳንጨምርበት ይላል። ጥያቄው ግን በስልኩ በኩል ቀድሞን ገብቷል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ አዲስ አበባ
እኅቴ፣ ባለቤትዎ የሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጁ ያልጠየቀውን ክርክር ሁሉ እየዘረዘሩ ማስተማር አይገባም። የጠየቀውን ግን መመለስ ይገባል፣ ያውም እውነቱን ከሐሰቱ በመለየት። ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ325 ጉባኤውን መጥራቱ፣ ጳጳሳቱም በውሳኔው ላይ መፈረማቸው እውነት ነው፤ ይህን አይካዱበት። የተሰበሰቡት ግን የእስክንድርያው ቄስ አርዮስ «ወልድ ፍጡር ነው» ብሎ ስላስተማረ እንጂ መጻሕፍት ለመምረጥ አልነበረም። በግሪክኛ ተጠብቀው ከቆዩት የጉባኤው 20 ቀኖናዎች (የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደንቦች) መካከል የመጻሕፍትን ዝርዝር የያዘ አንድም የለም። ሃያ ሰባቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት በስም ዘርዝሮ የምናገኘው በ367 በእስክንድርያው ጳጳስ በቅዱስ አትናቴዎስ የፋሲካ መልእክት ላይ ነው፤ እርሱም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን አባት ነው።

ከዚያ በኋላ ልጁን መሠረቱ በኒቅያ የተጣለውን ጸሎተ ሃይማኖትን አውጥቶ «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የሚለውን እንዲያነብልዎ ይጠይቁት። በየቅዳሴው የሚሰማው ይህ ሐረግ ለአርዮስ የተሰጠ መልስ መሆኑን ሲረዳ፣ ኒቅያ በቪዲዮ ብቻ የሚያውቃት ሩቅ አገር መሆኗ ይቀራል።

መልስ፦ አባት፣ ስቶክሆልም
መምህሩ ባሉት እስማማለሁ፤ ሆኖም አንድ ስጋት አለኝ። መልስ ያጠና ልጅ ሙስሊም ወይም እምነት የለሽ የክፍል ጓደኛውን ማሳፈርን እንደ ድል ሊቆጥረው ይችላል፣ አንዳንድ ታላላቆቻችንም በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ባለበት ቦታ ላይ «በየዋህነትና በፍርሃት» ብሎ ጨምሯል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)፤ ሁለተኛው ክፍል ሲዘለል በብዛት አያለሁ። በተጨማሪም የተቃዋሚውን ሐሳብ አሳንሰን ካስተማርነው፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትክክለኛውን ሲሰማ የሚታዘበው እኛን ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አትናቴዎስን ስነግረው ወዲያውኑ «ታዲያ የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ለምን 81 መጻሕፍት ሆነ?» አለኝ።

መልስ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩ
ይህንን ከሌላ ሰው ሳይሰማ ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል። የአትናቴዎስ ዝርዝር በአዲስ ኪዳን በኩል የሁሉም የጋራ መሠረት ነው፤ የአብያተ ክርስቲያናት ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በብሉይ ኪዳን ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሄኖክንና ኩፋሌን ትቀበላለች፤ ሌሎች ብዙዎቹ አይቀበሏቸውም። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ የአረማይክ ቁርጥራጮቹም በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በቁምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል። የይሁዳን መልእክት ቁጥር 14 እና 15ን ከሄኖክ ምዕራፍ 1 ጋር ጎን ለጎን አድርገው አብራችሁ አንብቡ፤ ቀጣዩን ጥያቄ ራሱ ያመጣዋል።