ክርክር፦ የደን መዋዕለ ሕፃናት የመንግሥት ድጎማ ሊያገኙ ይገባልን?

አወያይ፦ የዋሽንግተን ግዛት ዓመቱን ሙሉ ደን ውስጥ ለሚያስተምሩ መዋዕለ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2017 የሙከራ መርሐ ግብር ፈቅዶ፣ በ2019 ሙሉ ፈቃድ መስጠት ሲጀምር ከአሜሪካ ግዛቶች ቀዳሚው ነበር። ፈቃድ ያለው ተቋም ልጆችን ቀኑን ሙሉ መያዝና ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የተመደበውን ድጎማ መቀበል ይችላል። በሲያትልና በአካባቢዋ የምንኖር ወላጆች የግብር ገንዘባችን ለዚህ መዋሉን እንዴት እንደምናየው ለውይይት ቀርቧል።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔ እቃወማለሁ። ዝናቡንና ጭቃውን እታገሣለሁ፤ ልጅ ታጥቦ ይጸዳል። ነገር ግን በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ስለሆነ ልጄ እንግሊዝኛውን የምታገኘው ከመዋዕለ ሕፃናት ነው፤ አምስት ዓመት ሞልቷት ትምህርት ቤት ስትገባ ፊደልና ቁጥር ቀድመው ከለዩ ልጆች ጎን ትቀመጣለች። የብዙዎቻችን ወላጆች ልጆቻቸውን ከጥጃ ጠባቂነት አውጥተው ቀለም ያስቆጠሩት በብዙ መሥዋዕትነት ነው። እኛ ግብር ከፍለን መልሰን ወደ ዱር የምንልካቸው ለምንድን ነው?

መምህርት፦ የእህቴ ስጋት በቂ መልስ ይገባዋል፤ በደን መዋዕለ ሕፃናት ስለማስተምር የማየውን ልናገር። ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ሥራ ላይ ነው፤ ጥያቄ ቢኖረውም የሚመልስለት አዋቂ አጠገቡ የለም። እኛ ዘንድ የአራት ዓመት ልጅ ከወደቀ ግንድ ሥር ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ሲያገኝ «ቤቱ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጓደኛው ይከራከረዋል፣ መምህሯም ሌላ ጥያቄ ትጨምራለች፤ እንግሊዝኛ ያልለመደ ልጅም የሚነገረው ፊቱ ስላለው ነገር ስለሆነ ቃሉን ቶሎ ይይዛል። ጠዋት ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ሊወድቅ የደረሰ ቅርንጫፍ እንዳይኖር አካባቢውን እንቃኛለን፤ ወሰኑን በዛፍ ላይ በታሰረ ጨርቅ እናሳያቸዋለን፤ ሳማን (አዎን፣ እዚህም አለ) በቅጠሉ እንዲለዩ እናስተምራቸዋለን፤ ብርቱ ነፋስ ወይም የሰደድ እሳት ጭስ ሲኖር ደን ውስጥ አንቆይም። በጀርመን የመጀመሪያው ይፋዊ እውቅና ያገኘ የደን መዋዕለ ሕፃናት በ1993 በፍሌንስበርግ ተከፈተ፤ ፔተር ሄፍነር በ2002 በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጥናት ደግሞ ከእነዚህ ተቋማት የመጡ የአንደኛ ክፍል ልጆች በትኩረት፣ በክፍል ተሳትፎና በማኅበራዊ ጠባይ ከመምህሮቻቸው የተሻለ ግምገማ አግኝተዋል።

የአንድ ልጅ አባት፦ ልጆቻቸውን ወደ ደን የላኩት ወላጆች መርጠው ስለሆነ፣ በዚያ ጥናት የታየው ልዩነት ከደኑ ይምጣ ከቤታቸው መለየት ያስቸግራል። በቻይና ጓንግዡ በ12 ትምህርት ቤቶች የተካሄደውና በ2015 የታተመው ጥናት ምድቡ በዕጣ ስለነበር ይበልጥ ያሳምነኛል። በግማሾቹ የአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ውጭ እንዲያሳልፉ ተደረገ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ያለማየት ችግር የያዛቸው 30 በመቶ ያህል ሲሆኑ በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች 40 በመቶ ያህል ነበሩ። ለዚህ ደን አላስፈለገም፣ ግቢ በቅቷል። ስለዚህ ገንዘቡ በሁሉም መዋዕለ ሕፃናት የውጭውን ሰዓት ለማርዘም ቢውል እመርጣለሁ።

መምህርት፦ የመረጣውን ነገር በትክክል አንሥተዋል፣ ወንድሜ። ሆኖም ድጎማው ልጁን ተከትሎ ወላጁ ወደመረጠው ተቋም ስለሚሄድ፣ ከደኑ ቢከለከል ለግቢ ማስፋፊያ የሚተርፍ ገንዘብ የለም። ቀድሞ ፈቃድ የሌለው ተቋም ልጅ መያዝ የሚችለው በቀን ከ4 ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ብቻ ነበር፤ በሆስፒታልና በአውሮፕላን ማረፊያ በፈረቃ የሚሠሩ ወላጆች በዚህ ሰዓት ሊጠቀሙ አይችሉም ነበር። ድጎማውን ብንቃወም ደኑ መክፈል ለሚችሉ ቤተሰቦች ልጆች ብቻ ይቀራል፣ የእኛዎቹም አያዩትም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ስለ ፊደሉ ገና አልረካሁም። ቢሆንም የሱዋርድ ፓርክ ጥንታዊ ደን ብዙዎቻችን ከምንኖርበት ከሬኒየር ሸለቆ ሩቅ ስላልሆነ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራና ድጎማ የሚቀበል ተቋም በአቅራቢያችን ካለ አንድ ጠዋት አብሬ ውዬ እወስናለሁ። ተቋማቱም አሠራራቸውን ለወላጆች በአማርኛ ማስረዳት፣ ዝናብ የማያስገባ ልብስና ቦት ጫማም ለእያንዳንዱ ልጅ ማቅረብ አለባቸው፤ የልብሱ ወጪ በቤተሰብ ላይ ከወደቀ ድጎማው ያስገባው ልጅ በመጀመሪያው የዝናብ ወር ይወጣል።