የሌሊት ጥሪ ክፍያ፦ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት በጨረታ በሚሠራ ድርጅት የተቀጠረ የአይቲ ሠራተኛ መብት

ጥያቄ፦
ተቀጥሬ የምሠራው ለአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የሰርቨርና የኔትወርክ አገልግሎት ለመስጠት ጨረታ ባሸነፈ የግል ድርጅት ውስጥ ሲሆን፣ የሥራ ቦታዬ ጎሮ፣ መኖሪያዬ ደግሞ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የሥራ ውሌ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ቀኑን ሙሉ ሠርቼ ከገባሁ በኋላ መብራት በጠፋ ቁጥር ይደወልልኛል። ጄኔሬተሩ በራሱ ካልተነሣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚተካው ባትሪ) ሰርቨሮቹን ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ ስለማያቆይ፣ መጀመሪያ ከቤት ሆኜ ዳታቤዙን በሥርዓቱ እዘጋለሁ፤ ከዚያም በራሴ ወጪ ኮንትራት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። ሌሊቱን እዚያው ባነጋም ጠዋት 2፡30 ላይ መፈረም ግዴታዬ ነው። ስለ ክፍያው ስጠይቅ «ቲም ሊደር ስለሆንክ ትርፍ ሰዓት አይመለከትህም» ተባልኩ። ሕጉ በእርግጥ እንዲህ ይላል?

መልስ፦
ወንድሜ፣ አይልም። አሠሪህ የግል ድርጅት ስለሆነ የሚመለከትህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ ከሽፋኑ ውጪ የሚያደርገው የሥራ መሪን ነው፤ ይህም የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ማለት ነው። ለባልደረቦቹ ሥራ የሚያከፋፍል ሰው ቲም ሊደር ስለተባለ ብቻ የሥራ መሪ አይሆንም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥም የለበትም። እንቅልፍ ያላገኘ ሰው የሕዝብ መረጃ በያዘ ዳታቤዝ ላይ ትእዛዝ እንዲጽፍ ማድረግ፣ ከክፍያው ባሻገር ለመሥሪያ ቤቱም አደገኛ ነው።

መልስ፦
የጨረታ ሰነድ በማዘጋጀት ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። አገልግሎቱ በ24 ሰዓት እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ የዋጋ ሠንጠረዡ ላይ ግን የሌሊት ተረኛ የሚባል መስመር የለም፣ አሸናፊውም ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ይሆናል። ድርጅቱ ገንዘብ የለኝም ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በርካሽ ዋጋ የተወዳደረው ራሱ ስለሆነ ጉድለቱን ሠራተኛው ሊሸፍንለት አይገባም። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ስለሚቻል፣ ጥያቄውን ብቻህን ይዘህ አትቅረብ።

መልስ፦
ወንድሞቼ ላነሡት ማስረጃን ልጨምር። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ እንዲሠራ ስለሚጠይቅ፣ በስልክ የታዘዝከውን ሁሉ በዚያው ሌሊት «በታዘዝኩት መሠረት በዚህ ሰዓት ገብቻለሁ» ብለህ ለኃላፊህ በኢሜይል ላክ። በር ላይ የጥበቃ መዝገብ ካለ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት አስመዝግብ፤ የሰርቨሩ ሎግም (ማን መቼ ምን እንደሠራ የሚይዘው መዝገብ) ይረዳሃል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ስላለፈ ተቀባይነት አያገኝም፤ ስለዚህ ውሉ እስኪታደስ ብለህ የምትጠብቅ ከሆነ የቀደሙት ወራት ክፍያ ሊያመልጥህ ይችላል። የውሉን ዓመታዊነት በተመለከተም፣ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው አዋጁ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ስለሆነ፣ በውልህ ላይ የተጻፈው ምክንያት ከእነዚህ አንዱ መሆኑን አረጋግጥ።