የከርቭ ትሬሰሩ የጋራ ፕሮፖዛል፦ ረቂቅ 3

ጸሐፊው፦ ረቂቅ 3 ይኸው። በመዋጮው ከርቭ ትሬሰር፣ ማለትም የትራንዚስተርን ቮልቴጅና ከረንት ለክቶ በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ፣ እንሠራለን። 50 ፍሬ 2ኤን3904 ትራንዚስተር ለክተን ለስፓይስ (ለሰርኪዩት ሲሙሌሽን ፕሮግራሙ) የራሳችንን ሞዴል እናወጣለን። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ የኦሲሎስኮፑ ሒሳብ ሳይወራረድ ሳንቲም አላወጣም። ደግሞስ ሞዴሉ በነጻ ይወርድ የለ?

ብየዳ፦ የሚወርደው ለአንድ አማካይ ትራንዚስተር ነው። ዳታሺቱ ራሱ በ10 ሚሊአምፔር ቤታው (ከረንት የሚያባዛበት እጥፍ) ከ100 እስከ 300 ነው ይላል። አምፕሊፋየሩ ሲሙሌሽን ላይ ሸጋ ሆኖ ቦርድ ላይ ያዋረደን ረሳችሁት?

ጋሽ ቫልቭ፦ እኔ ርዕሱን እቃወማለሁ። «ከርቭ ትሬሰር» ምንድነው? አማርኛ አለቀብን? «ጥምዝ መዝጋቢ» ይባል።

ሽቦ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ ላይ ካለው እጥፋት፣ ከሳቹሬሽን፣ በኋላ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው እኮ። የመስመሩን ዘንበል ማለት የሚነግረንን ኧርሊ ቮልቴጅ የምናገኘው እሱን ወደ ኋላ ስበን አይደል? ምኑ ነው ጥምዝ?

ጋሽ ቫልቭ፦ እንግዲያው «የባሕርይ መስመር መዝጋቢ»።

ገንዘብ ያዥ፦ ባሕርይው የሚጠናው ልንድረው ነው?

ጋሽ ቫልቭ፦ ሳቁ። እናንተ ሳትወለዱ በቴክትሮኒክስ 575 ከርቭ ትሬሰር ለክቻለሁ። ራሱ በቫልቭ (በቫኩም ቱቦ) የሚሠራ!

ኮዴ፦ ስሙ ይቆየን። ሙቀቱን ማን አሰበበት? በ10 ቮልት 10 ሚሊአምፔር ማለት 100 ሚሊዋት ነው። በዚያች ፕላስቲክ ውስጥ ቺፑ 20 ዲግሪ ገደማ ይግላል። ቤታው ይጨምራል፣ መስመሩ ቀና ይላል፣ እናንተ «ኧርሊ ነው» ትላላችሁ። በ300 ማይክሮሰከንድ ፐልስ ይለካ። ፕሮግራሙ በእኔ ይሁን።

ጸሐፊው፦ መዝግቤሃለሁ።

ጋሽ ቫልቭ፦ ስሙስ?

ብየዳ፦ ኧረ በሞቴ ጋሼ! ለአንድ ቃል ሳምንት ሙሉ?

ጋሽ ቫልቭ፦ መዋጮዬ ይመለስልኝ።

ሽቦ፦ ብየዳ፣ ይቅርታ ጠይቅ።

ብየዳ፦ እሺ፣ አበዛሁት። ይቅርታ ጋሼ።

ጸሐፊው፦ ረቂቅ 4። ርዕሱ «የትራንዚስተር መለኪያ»። ጋሼ የቃላት መፍቻ ያዘጋጃሉ፤ ለሳጥኑ የተያዘው ገንዘብ ለኅትመቱ ይሁን። ኮዴ፣ ፕሮግራሙ የት ደረሰ?

ጋሽ ቫልቭ፦ ይሁን። «ኮሌክተር»ን ምን እንበለው?

ጸሐፊው፦ ኮዴ?

ሽቦ፦ ከማክሰኞ ወዲህ ድምፁ የለም። 50ው ወደ 5 ይውረድና በመልቲሜትር ነጥብ በነጥብ ልልቀማቸው።

ብየዳ፦ በመልቲሜትር? እስክታነበው ይግላል እኮ!

ገንዘብ ያዥ፦ 5 ከሆነማ ግዢ የለም። መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ሁለቱ ግን ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር፣ ቢሲ547፣ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሽቦ፦ የኤሚተርና የኮሌክተር እግራቸው ከ3904 ተገላቢጦሽ ነው። ሳትቀላቅል ላክ።